ዶን ፓስኳሌ በሸክላ

የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የጋኤታኖ ዶኒዜቲ አስቂኝ ኦፔራ «ዶን ፓስኳሌ» በፓሪስ የጣሊያን ቲያትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1843 ነበር። ሽማግሌውን ባለታሪክ ሆኖ የተጫወተው ሉዊጂ ላብላሽ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱም እጅግ ግዙፍ ስለ ነበረ፣ አካሄዱና አቀማመጡ ራሱ የጨዋታው ክፍል ነበር። እንዲህ ያለው ቀልድ በሸክላ አይቀረጽም። ታዲያ አስቂኝ ኦፔራን በጆሮው ብቻ የሚከታተል አድማጭ ከደስታው እኩሌታውን አላጣምን?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚገኘው በ1932 ሚላኖ ላይ በካርሎ ሳባይኖ መሪነት፣ በላ ስካላ ኦርኬስትራ አጃቢነት ከተቀረጸው «ዶን ፓስኳሌ» ነው። ሽማግሌውን ኤርኔስቶ ባዲኒ፣ ወጣቱን አፍቃሪ ቲቶ ስኪፓ፣ ኖሪናን አዴላይዴ ሳራቼኒ ይዘፍናሉ። በዚያን ጊዜ የሸክላ አንዱ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ሙዚቃ ይይዝ ስለ ነበረ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ኦፔራ ለመስማት የፈለገ ሰው ሸክላ ሲገለብጥና ሲለውጥ ያመሽ ነበር፤ ረጅም ጊዜ የሚጫወተው ሸክላ ገበያ ላይ የዋለው በ1948 ነውና። ሆኖም ድካሙ የሚክስ ነበር። ስኪፓ ድምፁን ሳያስጨንቅ፣ ቃሉን ሳያደበዝዝ የሚዘፍን ሰው ነው፤ ቤል ካንቶ የሚባለው የጣሊያኖች ያማረ አዘፋፈር ምን እንደ ሆነ ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ እርሱ ያስረዳል። በሦስተኛው ገቢር በጊታር ታጅቦ የሚሰማውን የሌሊት ዜማ አፍቃሪው በቲያትር ቤትም ቢሆን ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆኖ ስለሚዘፍነው፣ በዚህ ቦታ የሸክላው አድማጭ ከታዳሚው የሚያንስበት ነገር የለም።

በጥፊው ትዕይንት ላይ ደግሞ ይበልጠዋል። ዘመዱንና ወራሹን ኤርኔስቶን ለመቅጣት ሲል በሐሰተኛ ውል የተጋባው ዶን ፓስኳሌ፣ በሠርጉ ማግሥት ሳይሆን በዚያው ዕለት ማታ ኖሪና ብቻዋን ቲያትር ልትሄድ ስትነሣ ደጁን ይዘጋባታል፤ እርሷም በጥፊ ትመታዋለች። መድረክ ላይ ይህ ጥፊ ሳቅ ይጋብዛል፤ ሳቁም ተከታዩን ይሸፍነዋል። ሸክላው የተቀረጸው ታዳሚ በሌለበት ነውና ጸጥታው ሳይነካ ይቀራል። ሩጫው በድንገት ይረጋል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃላት ሲያዥጎደጉድ የነበረው ሽማግሌ ድምፁ ይሰበራል፤ ኖሪናም ለብቻዋ፣ ትምህርቱ እንደ መረረው ታምናለች።

ዶኒዜቲ ሚስቱን በ1837 በሞት የተነጠቀ ሰው ነበር፤ እርሱ ራሱም በአእምሮ ሕመም ከተሠቃየ በኋላ በ1848 በትውልድ ከተማው በቤርጋሞ አረፈ። አንዳንዶች ይህን ኀዘን ከሽማግሌው ዜማ ጋር ያያይዙታል፤ ግምት ነው። ዜማው ግን ማንም ሳይስቅበት ይሰማል። በመጨረሻ ኖሪና በሽማግሌ ሙሽራ ላይ የምታላግጥበት ደስ የሚል ዘፈን ሲመጣ፣ ጥፊውን በጸጥታ የሰማ አድማጭ ፈገግ ቢልም አብሯት ለማላገጥ ይቸገራል።