ፀሐይ ጨርቅ እንደምታደበዝዝ፦ የፕላስቲክ የብርሃን ቀለበት በብርሃን ሲቃኝ

ሃይፋ ውስጥ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ የሚከርም ቀይ ጨርቅ በጋው ሳያልፍ ይደበዝዛል። የፀሐይ ብርሃን ማቅለሚያውን ይሰባብረዋል፤ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ያግዘዋል። በየቤቱ የሚያማርረው ይኸው መደብዘዝ በቤተ ሙከራ ግን ጥቃቅን መሣሪያዎችን ልክ ለማስያዝ ይጠቅማል።

ዛሬ ኢንተርኔት ወደ ብዙ ቤቶች የሚገባው እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር፣ በኦፕቲክ ፋይበር ነው። ጎንደር ካለ ዘመድ ጋር በስልክ እየተያዩ ሲጫወቱ ድምፁም ምስሉም ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው ብርሃን ሆኖ ነው። በአንዱ ክር ውስጥ ብዙ ብርሃኖች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የሞገድ ርዝመት፣ ሳይደባለቁ አብረው ያልፋሉ። ከመካከላቸው አንዱን ለይቶ ለማውጣት ማጣሪያ ያስፈልጋል። አንዱ የማጣሪያ ዓይነት ከፕላስቲክ፣ በሳይንስ ስሙ ከፖሊመር፣ የሚሠራ እጅግ ትንሽ ቀለበት ነው። ብርሃኑ ቀለበቱን ይዞራል፤ ሞገዱ ዙሪያውን ሳይተርፍና ሳይጎድል የገጠመለት ብቻ እዚያ ይያዛል፣ ሌላው መንገዱን ይቀጥላል።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ቀለበቱ ከሻጋታ ሲወጣ በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ ወይም ከጠበበ የሚይዘው ሌላ ሞገድ ይሆናል። ክራር ቢሆን መቃኛውን ማጥበቅ ወይም ማላላት ይበቃ ነበር። ቀለበቱን በኤሌክትሪክ እያሞቁ ማስተካከልም ይቻላል፤ ግን ሙቀቱ ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት።

ለዚህ በካሊፎርኒያ የካልቴክ ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 አንድ ቀላል ዘዴ አሳተሙ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ጆይስ ፑን እና በ1930 ቴል አቪቭ የተወለዱት ፕሮፌሰር አምኖን ያሪቭ ይገኙበታል። ያሪቭ በ1992 የሃይፋው ቴክኒዮን የሚሰጠውን የሃርቪ ሽልማት የተቀበሉ ናቸው።

የቀለበቱ ፕላስቲክ ሲኤልዲ-1 የሚባል ማቅለሚያ ነበረበት። ብርሃን ሲያበሩበት ማቅለሚያው ደበዘዘ፤ በደበዘዘ ቁጥር ፕላስቲኩ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን የሚያዘገይበት ኃይል ቀነሰ። በዚህም የተነሳ ቀለበቱ የሚይዘው ሞገድ እያጠረ ሄደ። ትልቁ ለውጥ 8.73 ናኖ ሜትር ደረሰ። አንድ ናኖ ሜትር ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በተለመዱ የፋይበር መስመሮች ሁለት ጎረቤት ሞገዶች የሚራራቁት 0.8 ናኖ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ቀለበቱ አሥር ጎረቤት አልፎ ተዛውሯል ማለት ነው፤ ይህ ለአንድ የተበላሸ ሥራ ትልቅ ምሕረት ነው።

ከክራሩ የሚለየው ወደ አንድ ወገን ብቻ መቃኘቱ ነው። የደበዘዘ ማቅለሚያ ተመልሶ አይደምቅም። ስለዚህ ቀለበቱ ሲሠራ ከሚፈለገው ረዘም ወዳለው ሞገድ ማድላት አለበት፤ ከዚያ ጥቂት አብርቶ መለካት፣ እንደገና ጥቂት ማብራት፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ማቆም ነው። ያለፈውን በዚሁ ዘዴ መመለስ አይቻልም።

መልእክት የሚያመላልሰው ብርሃን ራሱ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ስለሆነ ማቅለሚያው ብዙም አይመጠውም፤ ስለዚህ በሥራ ላይ እያለ በቀላሉ አያደበዝዘውም። የቀን ብርሃን ግን ሌላ ነው። የተቃኘው ቀለበት ሳይሸፈን ብርሃንና አየር ካገኘው መደብዘዙን ይቀጥላል፣ ቅኝቱም ይፋለሳል። ስለዚህ ከተስተካከለ በኋላ ብርሃንና አየር በማያስገባ ማቀፊያ መታሸግ ይኖርበታል።