ያለ ዳኛ የተጀመረ ጨዋታ፤ የራግቢ ዳኝነት አመጣጥና ኃላፊነቱ

በእንግሊዝ አገር ራግቢ በምትባለው ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤት ሦስት ተማሪዎች በ1845 ዓ.ም. የጨዋታቸውን ደንብ በጽሑፍ ሲያሰፍሩ፣ ስለ ኳሱና ስለ ግቡ ብዙ ተናግረው ዳኛ የሚባል ሰው ግን አላነሡም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት የሁለቱ ወገን አለቆች ወይም እነርሱ የሚወክሏቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ራግቢ ሲነሣ፣ በ1823 ዓ.ም. ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ ኳሱን በእጁ ይዞ ሮጠ የሚለው ወሬ አብሮ መነሣቱ አይቀርም። ወሬው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የወጣው ግን ሰውዬው ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1876 ዓ.ም. ስለ ሆነ ለሐውልት ሠሪዎች ብንተወው ይሻላል። በደንቡ ውስጥ ዳኛ አለመኖሩ ግን በሰነድ የተረጋገጠ ነው፤ ከተረቱም ይልቅ ብዙ ነገር ያስረዳል።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ልጆቻቸውን በሚያስተምሩባቸው ትምህርት ቤቶች የነበረው እምነት፣ ጨዋ ሰው ሆን ብሎ ደንብ አይጥስም፣ ሳያውቅ የጣሰም እንደ ሆነ ሲነገረው ያምናል የሚል ነበር። ዳኛ ማቆም የተጫዋቹን ክብር መጠራጠር ይመስል ነበር። ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአገራችን የገና ጨዋታም ሁለት ወገን ሆነው ጌታና ሎሌ ሳይባል ሲጋፉ ፊሽካ የያዘ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ልዩነቱ የገና ጨዋታ በዓመት አንድ ጊዜ በበዓል የሚደረግ ሲሆን፣ ራግቢ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ በየከተማው ክበብ የተቋቋመለትና በየሳምንቱ የሚደረግ ውድድር ለመሆን መብቃቱ ነው። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ መተማመኑ ብቻውን አልበቃም።

ጥር 26 ቀን 1871 ዓ.ም. የ21 ክበቦች ተወካዮች በሎንዶን ተሰብስበው የእንግሊዝን የራግቢ ማኅበር መሠረቱ። ሕጉን የማርቀቁ ሥራ ለሦስት ሰዎች ተሰጠ፤ ሦስቱም ራግቢ የተማሩ፣ በሙያቸውም የሕግ ሰዎች ነበሩ። ያረቀቁት ሕግ 59 አንቀጾች ነበሩት። የሕግ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ አሁንም የክርክር ሁሉ ፈራጆች ሁለቱ አምበሎች ብቻ ናቸው ብለው መጻፋቸው የሚያስደንቅ ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 27 ቀን እንግሊዝና ስኮትላንድ በኤዲንበራ ከተማ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ በ20፣ በ20 ተጫዋች አደረጉ። ለእያንዳንዱ ወገን አንዳንድ ተመልካች ዳኛ ቆሞ ነበር፤ የስኮትላንዱ የሎሬቶ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ኤች. ኤች. አልመንድ ናቸው። ግፊያው ወደ እንግሊዝ መስመር ተንቀሳቅሶ ስኮቶች ኳሱን ከመስመሩ ማዶ መሬት አስነኩ በተባለ ጊዜ እንግሊዞች አጥብቀው ተከራከሩ፤ አልመንድ ግን ለስኮትላንድ ፈረዱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን ሲያስታውሱ፣ ዳኛ የተጠራጠረ እንደ ሆነ አብዝቶ በሚጮኸው ወገን ላይ ቢፈርድ ተገቢ ነው፣ ስሕተቱ ያለው ከእርሱ ዘንድ ሳይሆን አይቀርምና የሚል ትርጉም ያለው አስተያየት ሰጥተዋል። ብዙ ዘመን ከልጆች ጋር የኖረ መምህር አነጋገር ነው።

ቀጥሎ በመጣው ዘመን ከሁለቱ ወገን አንዳንድ ተመልካች ዳኛ፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ዋና ዳኛ ማቆም ተለመደ። በ1885 ዓ.ም. ለዋናው ፊሽካ፣ ለሁለቱ በትር ተሰጣቸው። ሆኖም ተጫዋች አቤት ካላለ ዳኛው በራሱ አይፈርድም ነበር። ጨዋታው በየጊዜው እየቆመ ወደ ሙግት ችሎት ይለወጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ አሠራር ምን ያህል ጎጂ እንደ ሆነ የታየው በ1884 ዓ.ም. በብላክሂዝ በተደረገው የእንግሊዝና የስኮትላንድ ግጥሚያ ነው። አንድ የስኮትላንድ ተጫዋች ኳሱን በእጁ ወደ ኋላ መታ፤ እንግሊዞች አግኝተው ከመስመሩ ማዶ አሳረፉት። ስኮቶች፣ የራሳችን ሰው ጥፋት ስለ ሠራ ጨዋታው መቆም ነበረበት አሉ። እንግሊዞች በበኩላቸው፣ ድርጊቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት ቢሆንም አጥፊ በገዛ ጥፋቱ ሊጠቀም አይገባውም ብለው መለሱ። አየርላንዳዊው ዋና ዳኛ ጆርጅ ስክሪቨን ለእንግሊዝ ፈረደ። የእንግሊዞች መልስ ኋላ ራግቢን ከሌሎች ጨዋታዎች ለለየው ትልቅ መርሕ ምክንያቱን አስቀድሞ ይናገራል። በዚህ መርሕ መሠረት የተበደለው ወገን ከጥፋቱ በኋላ ጥቅም የሚያገኝ ከሆነ ዳኛው ፊሽካውን ይይዛል። ፊሽካ መንፋት ቀላል ነው፤ ሳይነፉ መቆየትን ማወቅ ግን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል።

ጠቡ በዚያ አላበቃም። በ1885 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሳይጋጠሙ ቀሩ፤ በ1886 ዓ.ም. ስኮትላንድ፣ አየርላንድና ዌልስ ዓለም አቀፍ ቦርድ አቋቋሙ፤ እንግሊዝ አልገባም ብላ በ1888 እና በ1889 ዓ.ም. ከሦስቱም ጋር ሳትጫወት ከረመች። በመጨረሻ ጉዳዩ ለሁለት ሽማግሌዎች ቀረበ። አንደኛው ስኮትላንዳዊው ዳኛ ሎርድ ኪንግስበርግ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ሜጀር ፍራንሲስ ማሪንዲን ነበሩ። ማሪንዲን የእግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት መሆናቸው ይበልጥ ይታወቃል እንጂ፣ በሙያቸው የጦር ሠራዊት መሐንዲስና የባቡር ሐዲድ መርማሪ ነበሩ። ባቡር ሲጋጭ ወይም ከሐዲድ ሲወጣ መንሥኤውን አጣርቶ መጻፍ የዕለት ሥራቸው ነበር። በ1890 ዓ.ም. በተሰጠው ውሳኔ እንግሊዝ ወደ ቦርዱ ገባች። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ሥልጣኑ ሁሉ በዋናው ዳኛ እጅ ሆነ፤ ሁለቱ ረዳቶች የመስመር ዳኞች ሆነው ቀሩ፤ አቤት ባይ መጠበቅም ቀረ።

ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ወቀሳውም አብሮ ይገባል። ታኅሣሥ 16 ቀን 1905 ዓ.ም. በካርዲፍ ዌልስ ኒው ዚላንድን 3 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ቦብ ዲንስ የተባለው የኒው ዚላንድ ተጫዋች ኳሱን ከመስመሩ ማዶ አሳርፌ ነበር፣ ወደ ኋላ ጎትተው መለሱኝ ብሎ ተከራከረ። ስኮትላንዳዊው ዳኛ ጆን ዳላስ የተለመደ የመንገድ ልብስ ለብሶ ስለ ነበረ ሩጫውን ተከትሎ አልደረሰም ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። እርሱ ግን ኳሱ ከመስመሩ ወዲህ እንደ ነበር በቃሉ ጸንቷል።

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ራግቢ በሕጉ የአማተር ጨዋታ ነበር። በዚያ ዓመት ለከፍተኛው ደረጃ ክፍያ ቢፈቀድም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤትና በሰፈር ክበብ ሜዳ ላይ የሚቆመው ዳኛ በአብዛኛው ዛሬም በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ተግባሩ ስክረም የሚባለውን ግፊያ መቆጣጠር ነው። ስምንት፣ ስምንት ሰዎች ተቆላልፈው ሲጋጠሙ የኋለኞቹ ግፊት በሙሉ በፊተኛው ረድፍ በተሰለፉት ሦስት፣ ሦስት ሰዎች ትከሻና አንገት ላይ ያርፋል። ሸክሙ ቀጥ ብሎ ሲተላለፍ አካል ይችለዋል፤ ግፊያው ሲናድ ወይም ሲጣመም ግን የአንገት አጥንት ይሰበራል። ስለዚህ ከ19 ዓመት በታች ላሉት ልዩ ደንብ አለ፤ ግፊያው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ እንዲገፋ፣ ከ45 ዲግሪም በላይ እንዲዞር አይፈቀድም።

ጥቅምት 19 ቀን 1991 ዓ.ም. በእንግሊዝ በተደረገ የወጣቶች ግጥሚያ ግፊያው ደጋግሞ ሲናድ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ የ17 ዓመት ወጣት አንገቱ ተሰብሮ ሽባ ሆነ። ወጣቱ ዳኛውን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ዳኛው ለወጣቶች የተደነገገውን የአገጣጠም ሥርዓት አላስከበረም ብሎ ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ይግባኝ ሰሚው ሲያጸና፣ በሩጫ መካከል በቅጽበት የሚወሰን ነገር ሁሉ ዳኛን ዕዳ እንደማያስከፍለው፣ ለመጠየቅ ጥፋቱ ከባድ መሆን እንዳለበት አስረድቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ወደ ጥንቱ ነገር ይመልሳል። ጥር 17 ቀን 1998 ዓ.ም. በዌልስ በተደረገ የአዋቂዎች አማተር ግጥሚያ አንድ የፊት ረድፍ ተጫዋች ተጎድቶ ወጣ፤ በዚያ ቦታ የሠለጠነ ተተኪ አልነበረም። ዳኛው ለአምበሉ ምርጫ ሰጠ፦ ያለ ግፊያ ይቀጥሉ፣ ወይም ሌላ ሰው በቦታው ይሞክሩ። ያለ ግፊያ ከቀጠሉ ቢያሸንፉም ነጥቡ አይያዝላቸውም ነበር። አምበሉ ሁለተኛውን መረጠ። በጨዋታው ማብቂያ ላይ በተደረገ ግፊያ የመካከለኛው ሰው አንገቱን ተጎድቶ ሽባ ሆነ። በ2003 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዳኛውን ጥፋተኝነት አጸና፤ ዕዳውን የሚሸፍነው የዌልስ የራግቢ ማኅበር ሆነ። የፍርዱ ፍሬ ነገር፣ ውሳኔው የዳኛው ሆኖ ሳለ ለአምበሉ አሳልፎ መስጠቱ ነው። በ1871 ዓ.ም. የጨዋነት ምልክት የነበረው ነገር በ2003 ዓ.ም. ቸልተኛነት ተባለ። ግንበኛው የፈለገውን ብረት እንዲያስገባ ፈቅዶ በሥዕሉ ላይ ፊርማውን የሚያኖር መሐንዲስ የዚያን ዳኛ ሁኔታ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ዛሬ ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ቡድን በፊት ረድፍ ለመግባት የሠለጠኑት ተጫዋቾች እነማን እንደ ሆኑ ለዳኛው ያስታውቃል። የሠለጠነ ሰው ያለቀ እንደ ሆነ ዳኛው ማንንም ሳይጠይቅ ግፊያውን ያስቀራል፤ ሁለቱ ስምንቶች ይገጣጠማሉ፣ ኳሱም ሳይጋፉ ይወጣል።