መንገዱ በማን ማሳ ያልፋል?

አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው ጣሊያን ሠርቶት የሄደውን፣ ጥገና አጥቶ የተበላሸውን መንገድ ማደስ ነበር። መስመሩ የት እንደሚያልፍ የሚወስነው መሐንዲሱ ሲሆን አራሹ የሚያውቀው ችካል ሲተከል ነው። መሬቱ የራሱ ያልሆነውን ጭሰኛማ ማን ይጠይቀዋል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደነገገ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ይህንኑ አጠናከረ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ደግሞ መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ካሳ እንዲከፈለው ወሰነ፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ስሌቱ የሚጀምረው ከተወሰደው መሬት ነው። ከቱቦው የሚወጣው ጎርፍ ቦረቦር ያደረገው የታችኛው ማሳ፣ ገረጋንቲ ወጥቶበት ጉድጓድ ሆኖ የቀረ ግጦሽ፣ አቧራ የለበሰ በርበሬ በስሌቱ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራሉ። ውኃው በክረምት በየት እንደሚወርድ አሳምሮ የሚያውቀው እዚያው ያረሰ ሰው ነው፤ ስብሰባው የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ማዳበሪያው የሚገባውም፣ ምርቱ የሚወጣውም በመንገድ ነውና መንገድ አይምጣ የሚል አርሶ አደር የለም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ተነሣ። የሚቀበረው ቱቦ በዚያው ልክ በዛ፤ ከቱቦ በታች የሚውለው ማሳም እንዲሁ።