«ርግፈት»፦ የአንድ የሕክምና ቃል ታሪክና አተረጓጐም

«አፖፕቶሲስ» የተባለው ቃል ወደ ሥነ ሕይወት የገባው በቋንቋ ሊቅ አማካይነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ጆን ኬር፣ አንድሩ ዋይሊና አላስታር ከሪ፣ ሕዋስ እየተኮማተረና እየተቆራረሰ በጸጥታ የሚጠፋበትን ሥርዐት ገለጹ። ኬር አስቀድመው ሁኔታውን የሚጠሩት በኔክሮሲስ ስም ሥር ነበር። አዲሱን ስያሜ የለገሷቸው በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ ፕሮፌሰር የነበሩት ጄምስ ኮርማክ ናቸው። ቃሉ በግሪክኛ የአበባ ወይም የቅጠል መርገፍ ማለት ነው።

የአንጀት ገበር ለዚህ ስያሜ የሚስማማ ምሳሌ ነው። የገበሩ ሕዋሳት ከሥር ተወልደው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከጫፍ ሲደርሱም ይረግፋሉ። ገበሩ በሙሉ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ይታደሳል፤ ጤነኛ አንጀትም በዚህ ምክንያት አይቈስልም። በክሮን በሽታና በቁስለታማው የወፍራም አንጀት ብግነት ግን ሕዋሳቱ ከመጠን በላይ ይሞታሉ፤ ገበሩ ይሳሳል፤ ባክቴሪያ ዘልቆ ይገባል፤ ብግነቱም ይባባሳል።

ለተርጓሚ ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «በመርሐ ግብር የሚፈጸም የሕዋስ ሞት» የሚለው ሐረግ በ1960ዎቹ ዓመታት በሐር አበጅ ነፍሳት ጥናት የተለመደ ሲሆን፣ ብዙዎች የአፖፕቶሲስ አቻ አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን በ2005 «ኔክሮፕቶሲስ» የሚል ሌላ ስም ተሰጠ፤ ይህም ሕዋሱ በሥርዐት፣ ነገር ግን አብጦና ፈርጦ የሚሞትበት መንገድ ነው። በ2011 በታተመ ጥናት፣ የአንጀት ገበራቸው ካስፔዝ 8 የተባለውን የአፖፕቶሲስ ኤንዛይም እንዲያጣ የተደረጉ አይጦች ከብግነት አልዳኑም፤ ፓኔት የተባሉት የገበሩ ሕዋሳት በኔክሮፕቶሲስ ሞቱ፤ አንጀታቸውም በገነ። ይህን በተለመደው ሐረግ ብንተረጕመው፣ «በመርሐ ግብር የሚፈጸም ሞት ሲከለከል፣ በመርሐ ግብር የሚፈጸም ሞት ደረሰ» የሚል ትርጕም የለሽ ዐረፍተ ነገር ይወጣል።

ስለዚህ ሐረጉ የወል ስም ሆኖ እንዲቀር፣ ለአፖፕቶሲስ «ርግፈት»፣ ለኔክሮፕቶሲስም «ሥርዐታዊ ፍርጠት» እንዲባል በበኩላችን እናሳስባለን። ሁለቱም እንደ «ድክመት» ከግስ የወጡ ናቸው። «ረገፈ» ግን ሠራዊት በአንድ ጊዜ ሲያልቅም የሚነገር ስለሆነ ያስፈራል የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። እኛ ይህን እንደ ጕድለት አናየውም። የበሰለ ቅጠል በየጊዜው መርገፉ የዛፍ ጤንነት ነው፤ ለጋው ከበሰለው ጋር ሲረግፍ ግን ዛፉ ታሟል። በአንጀት ገበርም ጤናን ከበሽታ የሚለየው የርግፈት መኖር ሳይሆን የርግፈት መጠን ነው፤ አማርኛው ግስ ደግሞ ሁለቱንም አስቀድሞ ይዟል።