ጭቃ፣ ቆርቆሮና ባልትና፦ የመርካቶ ቤት አያያዝ ታሪክ

የከተማ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ቤት ሠሪዎች ነው። መሠረቱን ማን ጣለ፣ በማን ዘመን ቆመ፣ ስንት ገንዘብ ፈሰሰበት ተብሎ ይጠየቃል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ማን ጠረገው፣ ማን መረገው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈሰውን ጣራ ማን ደፈነው የሚለው ጥያቄ ግን ከጸሐፊው ብዕር ያመልጣል። ሆኖም የጭቃ ቤት እንደ ድንጋይ ግንብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በየዓመቱ የሰው እጅ ካልዳሰሰው ዝናብ ያጥበዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ በመጨረሻም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ የዚህ ዓይነቱ ቤት ዕድሜ ከሠሪው ይልቅ በያዡ ላይ የተመሠረተ ነው። ለዚህ እውነት መርካቶና በዙሪያው ያለው አዲስ ከተማ ጥሩ ምስክር ነው።

ገበያውና መንደሩ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያዋ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። የሕዝቡ ቤቶች በአብዛኛው ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳናቸው ሣር ነበር። ዓመታት ሲያልፉ በአካባቢው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ስላለቀ እንጨት ብርቅ ሆነ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ችግሩን ያቃለለው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድገውና ቀጥ ብሎ የሚወጣው ይህ ዛፍ ለቋሚም፣ ለማገርም፣ ለጣራም ዋለ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ቆርቆሮን ከወደብ ማምጣት ቀለለ። እንግዲህ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና ቆርቆሮ ተገናኝተው ዛሬም ድረስ ያልጠፋውን የአዲስ አበባ ቤት አስገኙ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር ተነሣ። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ባወጡት ፕላን መሠረት አገሬው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ እንዲሰፍር፣ ገበያውም ከእርሱ ጋር እንዲሄድ ተወሰነ። አዲሱ ቦታ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ይኸውም የአገሬው ሰው ገበያ ተባለ። በቀጥታ መንገዶች የተቆራረጠው አዲስ ከተማም በዚህ ሁኔታ ተወለደ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ያ የመለያያ ሐሳብ አብሮት ወደቀ፤ ገበያው ግን ቀረ። ጉራጌው ነጋዴ፣ ዶርዜው ሸማኔ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ በለፋበት ጊዜ መርካቶ የአገር ጎተራ ሆነ። የንግዱ ታሪክ በብዙ ተነግሯል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንደሮች ውስጥ ቤት እንዴት ይያዝ እንደነበር ግን ብዙም አልተወሳም።

የጭቃው ሥርዓት

የጭቃ ሥራ ሥርዓት አለው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ይለወስና በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይጠነክራል፤ ሳይቦካ የተለጠፈ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በማገሩ መካከል ወፍራሙ ምርጊት ይገባል። እርሱ በደንብ ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ነው ቀጭኑ ልስን የሚከተለው። የቸኮለ ሰው ሁለቱን በአንድ ሳምንት ጨርሶ በዓመቱ እንደገና ይጀምራል። ኖራ በመጨረሻ ሲቀባ ግድግዳውን ከማንጻቱም በላይ ጨለማውን ክፍል ያበራዋል።

ዓመታዊው ጥገና ደግሞ የራሱ ወቅት አለው። ክረምት ሳይገባ በግንቦት በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ የጣራው ምስማር ይፈተሻል፤ የተበሳው ቆርቆሮ በሬንጅ ይደፈናል። የቤት ጠላት ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከታች የሚፈናጠረው ነው፤ ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ የግድግዳውን እግር ቀስ በቀስ ይፈለፍላል፣ የቋሚውንም ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ ከግድግዳው ግርጌ ድንጋይ መደርደር ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው። ምርጊቱ የሚታደሰው ግን ዝናቡ ካበራ በኋላ ነው። አሮጌው ጭቃ በውሃ ካልራሰ አዲሱን አይዝም። አንዳንዱ ሰው ቤቱ እንዲጠነክርለት በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይለስናል፤ ሲሚንቶው ግን ከጭቃው ጋር አብሮ ስለማይሰፋና ስለማይጠብ፣ በውስጡም እርጥበት ስለሚያፍን፣ ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው የአበው ብሂል ለጭቃ ቤት የተነገረ ይመስላል።

ጓዳውና ገበያው

ቋሚ መትከልና ጣራ ማልበስ የወንዶች ሥራ ሆኖ ሲቆጠር፣ ውስጡን የመለሰን፣ ወለሉን በእበት የመለቅለቅና ዕቃን የመያዝ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች ትከሻ ላይ ወድቆ ኖሯል። ለቅለቃው አቧራን ያስቀራል፣ ቁንጫንም ይቀንሳል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሻል። የጠቆረው ብረት ድስት በአመድ ይፈተጋል። አልጋና ምንጣፍ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በዓል ሲቃረብ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይሠራና ወለሉ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። የመርካቶ ጉራጌ ነጋዴ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲገባ የሚቀበለው ቤትም አስቀድሞ በሴቶች እጅ ታጥቦ፣ ተለቅልቆና ተወልውሎ የሚጠብቀው ነበር።

በመርካቶ ጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ማግኘት ራሱ ጥበብ ነው። አንዱ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ እንግዳ መቀበያና መኝታ ይሆናል። ከጣራው ሥር በጣውላ የሚሠራው ቆጥ ለልጆች መኝታ ወይም ለዕቃ ማስቀመጫ ይውላል። ሳጥን ከአልጋ ሥር ይገባል፤ መሶብና ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ዕለት በዕለት የሚፈለገው ከታች፣ ለዓመት በዓል የሚፈለገው ከላይ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ይህን ሥርዓት ልጅ ከእናቱ እያየ ይማረዋል።

ገበያው ለዚህ ሁሉ መጋዘን ነው። ጭዱ ከጭድ ተራ፣ መጋረጃው ከሸማ ተራ ይመጣል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ምናለሽ ተራ ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበው ጠርሙስ፣ ጣሳና ብረት እዚያ ይደርሳል፤ በቀጥቃጩ እጅም ምድጃ፣ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ ሆኖ ወደ ሌላ ቤት ይገባል። አንዱ ቤት የጣለውን ሌላው ቤት ይኖርበታል።

ይህ የቤት ዕውቀት ተራ ነገር ተደርጎ ሲናቅ ኖሯል። የእንዶድ ታሪክ ግን ንቀቱ ስሕተት እንደሆነ ያስተምራል። ሳሙና በየሱቁ ሳይበዛ በፊት ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ፍሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ስለሆነ ግኝቱ ሰፊ የምርምር መስክ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የምርምሩ መነሻ የአጣቢ ሴቶች ሙያ ነበር።

የማን ቤት፣ የማን ጭቃ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። በባለቤቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይኖር የነበረው ተከራይ እፎይ አለ። በዚያው ልክ ግን አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ። የሚሰበሰበው አነስተኛ ኪራይ በሺህ የሚቆጠሩ የጭቃ ቤቶችን ለማደስ አልበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነና ያለ ፈቃድ ሊለውጠው በማይችለው ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ አመነታ። ቀበሌው ተከራዩን፣ ተከራዩ ቀበሌውን ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ጭቃ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ቋሚው በሰበሰ፣ ግድግዳው ዘመመ፣ ቆርቆሮው ዛገ። እነዚያ ቤቶች እስከ ልጅ ልጅ የቆሙት፣ ከደንቡ ውጭም ሆነ ከኪሳቸው እየከፈሉ፣ በየመስከረሙ ጭቃ ያቦኩ በነበሩ ነዋሪዎች እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በከተማዋ ተስፋፍተዋል፤ በአዲስ ከተማም ብዙ የጭቃ መንደሮች ፈርሰዋል። ሆኖም ጥያቄው ከነዋሪው ጋር ወደ ፎቅ ወጥቷል። የጋራውን ደረጃ ማን ይጥረግ? የሚያፈሰውን ቱቦ ማን ይጠግን? የጣራውን አሸንዳ ከክረምት በፊት ማን ይጥረግ? ሲሚንቶ ከጭቃ ይልቅ ይታገሣል እንጂ የሰው እጅ አያስፈልገኝም አይልም።

«ባልትና» የሚለው ቃል ዛሬ በመርካቶ ሱቆች ደጃፍ ሲጻፍ በርበሬና ሽሮ ማለት መስሏል። የጥንቱ ትርጉም ግን ቤትን በሙሉ የመያዝ ሙያ ነው። ይህ ሙያ የአገር ቅርስ ነው። መምህሩ ለተማሪው ቢያስተምረው፣ ሠዓሊውና ደራሲው ቢመለከቱት፣ የአካባቢ አስተዳዳሪው ቤት ሲሰጥ የጥገናውንም ድርሻ ለይቶ ቢሰጥ፣ ያለፈው ዘመን ስሕተት አይደገምም። የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁ ይገባል፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ።