ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጻፋል

የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያሻሻለው ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት የሚላቸውን ብሔረሰቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ እያለ ይዘረዝራል። ተራው የሕዝብ ብዛትን የተከተለ ነው የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል፤ መሠረትም አለው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በርታ ከክልሉ ነዋሪ 26 በመቶ ገደማ፣ ጉሙዝ 21 በመቶ ገደማ፣ ሺናሻ ከ8 በመቶ በታች፣ ማኦ 2 በመቶ ገደማ፣ ኮሞ ደግሞ 1 በመቶ ያህል ነበሩ። ነገር ግን በዚያው ቆጠራ አማራ ከጉሙዝ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነበረው፣ ኦሮሞም ከሺናሻ ይበልጥ ነበር፤ ሁለቱም ከአምስቱ መካከል የሉም። ሕጉ የሌሎቹን ሕዝቦች መኖር ያውቃል፣ በባለቤትነት ግን አልጻፋቸውም። እንግዲህ ብዛት የአምስቱን ቅደም ተከተል ቢያስረዳም እነማን እንደተዘረዘሩ አያስረዳም። በእኔ እይታ እንዲህ ያለ ዝርዝር መነበብ ያለበት እንደ ማዕረግ ሰሌዳ ሳይሆን እንደ ደጅ መዝገብ ነው፤ የሚነግረን ማን እንደሚበልጥ ሳይሆን ማን መቼ በየትኛው በር እንደገባ ነው።

ለዚህ ከሆሞሻ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዛሬ ሆሞሻ በአሶሳ ዞን ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለች ወረዳ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ግን አቆልዲ ከምትባለው አሶሳና ከቤኒ ሻንጉል ጋር ከአካባቢው ሦስት ዋና ዋና የሼኮች ግዛቶች አንዷ ነበረች። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደዚያ ሲዘምቱ ወርቅ የሚወጣበትን ይህን አገር ያገኙት ለእነዚህ ሦስት ተከፋፍሎ ነው። ከዘመቻው በኋላ በጉልበትም በዝናም ጎልተው የወጡት የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ናቸው፤ በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር የእርሳቸው መታሰቢያ ነው። ነገሩ በጉልበት ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ አሶሳ ተብሎ ይጠራ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ጦር በ1821 እ.ኤ.አ. ሱዳንን ከያዘ በኋላ ወርቅ ፍለጋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከዚያም እንግሊዞችና ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ስለ ድንበሩ ሲዋዋሉ፣ በውጭ ሰዎች ወረቀት ላይ ለወርቁ አገር ሁሉ መጠሪያ የሆነው ቤኒ ሻንጉል ነው። ከሦስቱ አንዱ የሌሎቹን ስም ሸፈነ። ደርግን በትጥቅ የታገለው፣ በብዛት በርታዎች የነበሩበት ንቅናቄም ይህንኑ ስም ያዘ፤ ክልል ሲዋቀርም ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። የጉሙዞች መኖሪያ የሆነው መተከል ቀድሞ በጎጃም ሥር የነበረ አገር ነውና ጉሙዝ የሚለው ስም ከኋላው ተቀጠለ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ክልሎችን በሚዘረዝርበት አንቀጽ 47 ሁለቱን ስሞች በእዝባር ለይቶ መጻፉም ይህን ስፌት ያሳያል።

ታዲያ የአምስቱ ብሔረሰቦች ዝርዝር ለምን በፊደል ተራ አይጻፍም የሚል ይኖራል፤ ፊደል ወገን የለውምና። የትኛው ፊደል? በሀ ለ ሐ መ ብንሄድ ማኦ አንደኛ፣ ሺናሻ ሁለተኛ፣ በርታ ሦስተኛ፣ ኮሞ አራተኛ፣ ጉሙዝ መጨረሻ ይሆናል። በአ በ ገ ደ ከሄድን በርታና ጉሙዝ እንደገና ከፊት ይቆማሉ፣ ሺናሻ መጨረሻ ይወርዳል። ሁለቱም የእኛው ፊደል ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ሰው ግን ተራውንም አብሮ መረጠ። በላቲን ፊደል ለሚጽፉት ደግሞ ሌላ ተራ ይመጣል።

በዚህ ረገድ ግልጽ የሆነ አሠራር ያየሁት ባልተጠበቀ ቦታ፣ በቪዲዮ ጌም ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ የሚባለውን የፍልሚያ ጨዋታ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ከተለያዩ ጨዋታዎች የመጡ ባለታሪኮችን አንድ መድረክ ላይ አገናኘ። በ2018 የወጣው አልቲሜት የተባለው እትም ለእያንዳንዱ ተፋላሚ ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥሩ የሚከተለው ጥንካሬን ወይም ፊደልን ሳይሆን ወደ ጨዋታው የገቡበትን ቅደም ተከተል ነው። ማሪዮ 1 ነው፤ በ2021 የመጨረሻ ሆኖ የተጨመረው ሶራ 82። ስኔክ የተባለው ተፋላሚ በአንድ እትም ቀርቶ ሲመለስ ወረፋው መጨረሻ አልሄደም፤ 31ኛ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ተጫዋቹ ቁጥሩን ሲያይ የጨዋታውን ታሪክ ያነባል እንጂ ማሪዮ ከሁሉ ይበረታል አይልም።

የእኛም መንግሥት አንዴ የተሰጠን ቁጥር ቦታው ላይ በማቆየት ይህን የሚመስል ነገር አድርጓል። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7 አሥራ አራት ክልሎችን ሲያቋቁም ትግራይ 1፣ ቤንሻንጉል 6፣ ጋምቤላ 12፣ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14 ሆኑ። ከ7 እስከ 11 የነበሩት ተጠቃለው ደቡብ ሲባሉ 7 ቀረ፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ግን ከ8 እስከ 11 ያለውን ባዶ ትቶ ጋምቤላን 12 ማለቱን ቀጠለ። ቁጥሩ ከተቋሙ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ይህ ሁሉ ከንቱ ሥነ ሥርዓት ነው፣ ዳቦ የሚጨምርለት የለም የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የበረታ ይመስለኛል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ካየን እውነት አለው፤ ከበርታ በኋላ መጻፉ ለጉሙዝ አንድ የምክር ቤት ወንበር አላጎደለበትም። ዝርዝሩ ውስጥ መግባትና አለመግባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የክልሉ ከባድ ክርክር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ተራው የሚጠቅመን ይህን ክርክር ለመመርመር ነው፤ በሩ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተዘጋ ያሳየናልና። የፌዴሬሽኑ የክልሎች ዝርዝር በር ግን አሁን ድረስ አልተዘጋም፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. አሥረኛ ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 አሥራ አንደኛ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 አሥራ ሁለተኛ፤ ሁሉም በመጡበት ተራ። የቀረው የደቡብ ክፍል ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። አንቀጽ 47 ግን አሁንም ዘጠኝ ስሞችን ብቻ ይዘረዝራል፤ ሰባተኛው በዚያ ስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት የሌለው ክልል ነው።