የጥብስ ቅጠል መጤ ነው ወይስ የኛ?

የታሪክ ምንጭ ሲባል ብዙዎቻችን ብራና፣ ሐውልት ወይም የቤተ መንግሥት ደብዳቤ ነው ትዝ የሚለን። ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ግን ታስታውሳላችሁ፤ ስምም ምንጭ ነው። እስቲ ዛሬ በየደጃችን ያለውን አንድ ቁጥቋጦ በስሙ በኩል እንየው፤ የጥብስ ቅጠልን። የሥጋ መጥበሻም፣ ሮዝመሪም እንለዋለን።

አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ፀሐይ በሚያቃጥለው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ይበቅላል፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም። የላቲን ስሙ «ሮስ ማሪኑስ» ነበር፤ «የባሕር ጤዛ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. 800 ገደማ በሻርለማኝ ዘመን ለንጉሡ ርስቶች የወጣ ደንብ አለ፤ በአትክልት ቦታ ይተከሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ዕፅዋት አንዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ «ሮስማሪኑስ ኦፊሲናሊስ» አለው፤ ሁለተኛው ቃል መድኃኒትነቱን የሚያመለክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ተመራማሪዎች ዝምድናውን አይተው ወደ ሳልቪያ ወገን አዛወሩት። አሁን «ሳልቪያ ሮስማሪኑስ» ነው።

አንዱ በባሕሩ፣ አንዱ በመድኃኒትነቱ፣ አንዱ በዘመዶቹ ጠራው። እኛስ? በሥራው!

ይሄን ከባሕር ዛፍ ጋር አስተያዩት። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አብሮን ኖሮ፣ ቤት ሠርተንበት፣ እንጀራ ጋግረንበት፣ ዛሬም ስሙ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ያወራል። በቆሎም የባሕር ማሽላ ተብሏል። የሚገርመው፣ ላቲኑ «የባሕር ጤዛ» ያለው ቅጠል እኛ ዘንድ ባሕሩን አራግፎ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባ። ስሙ ውስጥ «ከወዴት መጣህ?» የሚል ጥያቄ የለም።

እንግዲህ «የኛ» የሚባለው በትውልድ ቦታ ብቻ አይለካም። ቋንቋችን ይሄን ተክል የተቀበለው ሥራ ሰጥቶ ነው። «መጤ» የምትለዋን ቃል ሰው ላይ ለመለጠፍ ስንቸኩል፣ ጥብሱ ላይ የበተንነውን ቅጠል ብናስብ ጥሩ ነው።

የኛ ሆነ ማለት ግን የቀድሞ አመሉን ረሳ ማለት አይደለም። የቁልቁለት ተክል ስለሆነ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት አይወድም። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ክረምት ላይ ከደረቀባችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ጥማት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ስንዝር የማይሞላ ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፉ፤ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ፣ ከፍ ባለ መደብ ወይም ታቹ በተበሳ ጣሳ ትከሉት። ሥር እስኪሰድ እርጥበት አይለየው፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። ፀሐይ አትከልክሉት። አበባውን ሲጨርስ ጫፍ ጫፉን ከከረከማችሁት ሳይንዘላዘል እጥር ብሎ ይኖራል። ቅጠል የሌለውን አሮጌ ግንድ ግን አትቁረጡ፤ ከዚያ ላይ መልሶ ማቆጥቆጥ ይቸግረዋል። ሰማያዊ አበባውን ደግሞ ንቦች አይጠግቡትም።

በናንተ አካባቢ ምን ብለው ይጠሩታል? ስሙን ከነትርጉሙ ጻፉልኝ፤ ምንጭ እንሰብስብ።